ቅዳሜ በሬዲዮ የሰማኋት ሶፕራኖ

ሚኒያፖሊስ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከከተማው አጠገብ ሪችፊልድ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር መግፋት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ብውልም ወሬያችን ከብርዱና ከበረራው አያልፍም። እሑድ እሑድ ኒው ሆፕ ባለ የአማርኛ ቸርች እዘምራለሁ። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ የመዘምራን መሪያችን ድምፅሽን ቀንሺ እያለ ከማይኩ ራቅ አድርጎ ያቆመኛል። ለክፋት አይደለም፤ የሌሎቹን ድምፅ ስለምውጥ ነው። እኔ ግን ቀስ በቀስ ከሰው ጋር ማውራትም እየቀነስኩ መጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ወጥቼ ድራይቭ ሳደርግ በሬዲዮ ኦፔራ ይተላለፍ ነበር። ጣቢያውን ልቀይር ስል አንዲት ሴት መዝፈን ጀመረች። ያ ሁሉ መለከትና ከበሮ እየጮኸ ድምፅዋ ያለ ማይክ ከላዩ ያልፋል። ፓርኪንግ ደርሼ ሞተሩን ሳላጠፋ እስክትጨርስ ቁጭ አልኩ። አቅራቢው ስሟን ጠርቶ፣ እንዲህ ያለው ትልቅ የሴት ድምፅ ድራማቲክ ሶፕራኖ እንደሚባል ተናገረ። የራሱ ስም ያለው ነገር መሆኑ ገረመኝ።

ከዚያ ወዲህ ሲዲዎቿን ከላይብረሪ እየተዋስኩ አዳመጥኩ። አርባ እስክትደፍን ድረስ ትልልቁን ሚና እንዳልሰጧት አነበብኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ልትዘፍን እንደሆነ ስሰማ ሁለት ትኬት ገዛሁ። አንዱ ለሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ሺፍት ገባባትና ቀረች። ቀኑ እሑድ ስለነበር ለመሪያችን ደውዬ አሞኛል አልኩት። ካፖርቴን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ድምፅዋ እንደ ሲዲው አልነበረም። ከፍ ስትል ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቦታ ላይም ተሰነጠቀ። ከፊቴ ያሉት ባልና ሚስት ተያዩ። እሷ ግን ትንፋሿን ሰብስባ ቀጣዩን ድምፅ ሙሉ አድርጋ አወጣችው፤ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ሲጨበጨብ ወደ ጎን ዞር አልኩ። ሰማሽ ወይ የምላት ሰው አልነበረችም።

ሲያልቅ በተዋንያኑ መውጫ በር ጠበቅኳት። የሱፍ ኮፍያ አድርጋ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ብቻዋን ወጣች። የትኬቴን ቁራጭ ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጋሁላት። ፈርማልኝ ስታበቃ እዚህ አካባቢ ሾርባ የት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። እሑድ ስለሆነ ብዙው ዝግ እንደሆነ ነገርኳትና፣ "መኪና አለኝ፤ ላድርስዎት" አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። የምትመጣ መስሎኝ ነበር።

"አመሰግናለሁ፣ ታክሲ ጠርቻለሁ።"

ታክሲው እስኪመጣ አብረን ቆምን። ትዘፍኛለሽ ወይ አለችኝ። ቸርች እንደምዘምርና ድምፅሽን ቀንሺ እንደሚሉኝ ነገርኳት።

"እኔንም ብለውኛል" አለች። "ሰምቻቸው ብዙ ዓመት ቀነስኩት።"

ታክሲው መጣ። በመስኮቱ እጇን አነሳችልኝ፤ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ መሪያችን ተሻለሽ ወይ ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። በምን ቋንቋ እንደዘፈነች ጠየቀኝ፤ በጀርመንኛ አልኩት።

"ታዲያ ገባሽ?"

"ቃሉ አልገባኝም።"

ፈገግ ብሎ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። የዚያን ቀን ድምፄን አልቀነስኩም። ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ፤ ቦታዬ ግን እዚያው ከማይኩ ርቆ ቀረ።

ከዓመት በኋላ ዘፋኟ መድረክ መተዋን ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ጋዜጣውን ይዤ ያኔ ወደ ቀረችው ባልደረባዬ ሄድኩ። ማን ናት አለችኝ። የእረፍት ሰዓታችን እስኪያልቅ ነገርኳት፤ እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።