ቤዙ ብቻ የቀረለት ዘፈን

ጋምቤላ ውስጥ ዝነኛ መሆን ከባድ አልነበረም፤ የሚከብደው ዝናን ተሸክሞ በዚያ ሙቀት መሄድ ነው። እኛ አራታችን ዝነኞች ነበርን። ዝናችን በአንድ በኩል እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፣ በሌላ በኩል እስከ ኢታንግ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲያ የምታውቀን ወባ ብቻ ናት፤ እሷም የምትመጣው ስንዘፍን ሳይሆን ስንተኛ ነው።

ክልሉ ገና ክልል መሆኑ ነበር። አዲስ ምክር ቤት፣ አዲስ ባንዲራ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ማኅተም። ስብሰባ የሌለበት ቀን ከተገኘ፣ ለምን እንደሌለ ለመነጋገር ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው በእኛ ይከፈታል፣ በእኛ ይዘጋል። መሀሉን የሚያስታውስ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ቤዝ ጊታር የያዝኩት ሌላ የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ነው። ድራም የሚመታው ጓደኛዬ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፤ ጠዋት መርፌ፣ ከሰዓት ዱላ ይጨብጣል፤ በሁለቱም ርኅራኄ የለውም። ዘፋኛችን የከተማው ልጅ ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲዘፍን ጉማሬ ከባሮ ወጥቶ ያዳምጠው ነበር ብል ዋሸህ ትሉኛላችሁ። አንድ ጉማሬ ግን በእርግጥ ወጥቷል። ለምን እንደወጣ ቆሞ የጠየቀው የለም እንጂ።

አራተኛው ጊታሪስቱ ነው። ከኢታንግ በታች፣ ወንዙ ዳር ካለች መንደር የመጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። ሲናገር ቃል በቃል እየቆጠረ፣ ሲጫወት ግን እንደ ሰከረ ነበር።

ማጉያችንን ከቀድሞው የኪነት ቡድን ወርሰነዋል። ስሙን ሽማግሌው አልነው፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ። ሁለት መሰኪያ ብቻ ነበረው፤ አንዱ ለዘፋኙ ማይክ፣ አንዱ ለጊታሩ። የአንዱን ድምፅ ከፍ ስታደርግ የሌላው ይደክማል። ለእኔ ቤዝ ቦታ ስላልነበረው፣ ድሬሰሩ ከተሰበረ የሬዲዮ ሣጥን ለብቻዬ ማጉያ ሠራልኝ። ሥራው እንደ ባለሙያው ነው፤ ሲከፈት እንደ በሽተኛ ያቃስታል።

የጊታሪስቱ አባት ቶም ይጫወቱ ነበር፤ ያን በእንጨት ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ያሉትን፣ በአውራ ጣት የሚነካውን። ባሮ ሞልቶ ማሳቸውን በወሰደበት ክረምት፣ ሚስታቸው ምጥ ላይ ሳለች፣ እንዳትፈራ ብለው አንዲት ዜማ አወጡላት። ያን ቀን የተወለደው ጊታሪስታችን ነው። ዜማዋን የሚያውቋት እናትየው፣ አባትየውና እሱ ነበሩ፤ እናቱም ቆየት ብለው ሞቱ።

ልጁ ቶሙን ትቶ ጊታር ሲይዝ አባትየው ማናገር አቆሙ። የመጨረሻ ቃላቸው፣ «ቶም በራሱ ይናገራል። ያንተ እንጨት ጄነሬተር ካልጮኸ ዲዳ ነው» የሚል ነበር።

ያቺን ዜማ ነው አንድ ቀን ልምምድ ላይ በጊታር ያመጣት። ዘፋኙ ሲሰማ የሚበላውን ማንጎ አስቀመጠ፤ ይህ ልጅ ማንጎ ሲያስቀምጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ወንዝ የወሰደውን ማሳ አፈር ጨምሮ ይመልሳል የሚል ግጥም እዚያው ቁጭ ብሎ አወጣላት። ዘፈኑ ከተማውን ወሰደው። ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ፣ ሾፌሮች ጎማ ሲቀይሩ ይሉት ጀመር። ከዚያ በኋላ ስብሰባ የሚመጣ ሰው ለስብሰባው መጣሁ ቢል የሚያምነው አልነበረም።

ጠቡ የተጀመረው በዓሣ ነው። አንድ ቀን አራታችን በገበያው ስናልፍ አንዲት ዓሣ ሻጭ ክንዴን የሚያህል ዓሣ አንስተው ለዘፋኙ ሰጡት። «የኔ ልጅ፣ ያቺ ዘፈንህ ልቤን በላች» አሉት። ከዚያ ጊታሪስቱን አዩና «አንተስ ልጄ፣ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

ዘፋኙ ሳቀ። ያን ዓሣ ለሁለት ቢቆርጠው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጊታሩ መግቢያ ይረዝም ጀመር። መጀመሪያ ሁለት ዙር፣ ከዚያ አራት። በመጨረሻማ ሰው ወጥቶ ሲጋራ ገዝቶ፣ አጭሶ፣ ከጎረቤት ተጣልቶ፣ ታርቆ ሲመለስ ዘፋኙ ገና ማይክ ጨብጦ እንደቆመ ያገኘዋል። ዘፋኙም በፈንታው ጊታሩ ለብቻው የሚጫወትበትን ቦታ በስንኝ ሞላው። የስብሰባው መሪ ቃል ሳይቀር ግጥም ሆኖ ገባ።

«ዘፈን ማለት ቃል ነው» አለው አንድ ከሰዓት። «ያለ እኔ ቃል ያንተ ዜማ ቢምቢ ናት። ትጮኻለች፣ ምን እንደምትል አይታወቅም።»

ጊታሪስቱ ክሩን እየቃኘ፣ «ያለ እኔ ዜማ ያንተ ቃል የቀበሌ ማስታወቂያ ነው» አለ።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ሁለቱንም አንድ አንድ መርፌ ብወጋቸውስ?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። በዚያ ዘመን የማልስቅበት ነገር አልነበረም።

ከቃል ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ዘፋኙ ዳንስ መስሎ በአጠገቡ ሲያልፍ የማይኩን ድምፅ ይጨምራል። ጊታሪስቱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መስሎ የጊታሩን ይጨምራል። ጫማው ክር የሌለው ነጠላ ነበር። ሽማግሌው በመሀል እየጋለ፣ የተቃጠለ ጎማ መሽተት ጀመረ።

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መቅረጫውን በትከሻው አንግቶ መጣ። የአዳዲሶቹን ክልሎች ሙዚቃ ነው የሚቀዳው። «ከእናንተ አንድ ዘፈን ይበቃኛል፣ ነገ ጠዋት ከአውሮፕላኑ በፊት» አለን።

ያን ቀን ጊታሪስቱ ወደ እኔ መጥቶ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ካወራኝ የበለጠ አወራኝ። አባቱ ደረታቸውን ታመዋል፤ ድሬሰሩ በቅርቡ አይቷቸው የሚቀጥለውን ክረምት አያዩም ብሎታል። አባትየው ከሰው ይልቅ የሚያምኑት ዛፍ ላይ የሚሰቅሏትን ሬዲዮ ነው።

«እኔን አያምንም» አለ። «በሬዲዮ ከሰማት ግን ያምናል። ዜማዋን እንዳልጣልኳት ያውቃል።»

«ለዘፋኙ ንገረዋ» አልኩት።

«እሱ ከሰማ ይዘፍንበታል» አለ። አልነገረውም።

በማግስቱ ጠዋት ምክር ቤቱ አዳራሽ ተሰለፍን። ጋዜጠኛው እስክሪብቶ አውጥቶ፣ «ዘፈኑ የማን ነው?» አለ።

«የኔ» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ከተጣሉ ወዲህ አብረው ያሉት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«እንግዲያው የሕዝብ ብዬ እጽፋለሁ። ሕዝብ አይጣላም።»

«ሕዝብን አያውቁትም ማለት ነው» አለ ድሬሰሩ ከድራሙ ኋላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ጀመርን። መግቢያዋ መጣች። ለመቀዳት ይሁን ለአባቱ እንጃ፣ እንዲያ ሲጫወታት ሰምቼው አላውቅም። ዘፋኙ ግን እየጨፈረ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለና የማይኩን ድምፅ ጨመረ። ጊታሩ ደከመ። ጊታሪስቱ እየተጫወተ በእግሩ ጣት የራሱን አዞረ። እግሩ እንዲያ እንደሚሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በሌላ አገር ቢሆን ሰርከስ ይቀጥረው ነበር። ዘፋኙ እንደገና ጨመረ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳለ፤ ከጀርባው ጭስ ተነሣ፤ ዝም አለ።

«አንተ ነህ ያቃጠልከው» አለ ዘፋኙ።

«አንተ ነህ የቀደምከው» አለ ጊታሪስቱ።

እኔና ድሬሰሩ ልናቆም ስንል ጋዜጠኛው በእጁ ቀጥሉ አለን። ቀጠልን። የእኔ ሣጥን ለብቻው እያቃሰተ፣ ድራሙ እየመታ፣ መንገዱን ክፍት አድርገን ጠበቅናቸው። ያለ ማጉያም ቢሆን አዳራሹ ባዶ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ ይሰማል። ጊታሩም ቢሆን ጋዜጠኛው ማይኩን ቢያስጠጋለት ይቀዳል። ይመለሳሉ ብለን ዙሩን ደግመን ደጋግመን መታነው፤ አልጋ አንጥፎ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። እነሱ ደረት ለደረት ገጥመው ቆመዋል። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከላይ ሲሰማ ጋዜጠኛው መቅረጫውን ዘጋ።

ጊታሪስቱ እስከ መኪናው ተከተለው። «መጀመሪያዋ ተቀድታለች?»

«አለች፣ አለች» አለው ጋዜጠኛው በሩን እየዘጋ። «ቆርጠን እናስተካክላታለን፤ አይዞህ።»

በዚያች አይዞህ ነው ጊታሪስቱ አዲስ ባትሪ ገዝቶ በጀልባ ወደ አባቱ የወረደው። ፕሮግራሙ በሚተላለፍበት እሑድ እኔ፣ ድሬሰሩና ዘፋኙ አንድ ሱቅ በር ላይ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዘፋኙ ሬዲዮ ሊያዳምጥ ፀጉሩን አበጥሯል። ያኔ ነው ስለ አባትየው የነገርኩት። የሚቀልድበት መስሎኝ ነበር። አልቀለደም፤ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተና ጭንቅላቱን ወደ ሬዲዮው አዘነበለ።

የፕሮግራሙ አቅራቢ ሴትዮ «ከጋምቤላ ክልል» አለች። ከድምፅዋ ሥር አንድ ነገር ያቃስታል፤ የእኔ ሣጥን ነው። ድራሙም አለ። ስለ ዓሣው አወራች፣ ስለ ደኑ አወራች። እኛ ከሥሯ እየዞርን መንገዱን ክፍት አድርገን እንጠብቃለን። አመሰገነች። ስለ እርሻ ሌላ ፕሮግራም ገባ።

ቆይቶ ድሬሰሩ፣ «ቤዙ ጥሩ ነበር» አለ። በሕይወቴ አንድ ሰው ቤዜን ያደነቀው ያን ቀን ነው፤ ባላደነቀው ይሻል ነበር።

ጊታሪስቱ ሲመለስ ጠየቅሁት። «ሬዲዮዋን ከዛፉ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት» አለኝ። «ጎረቤት ጠራ። 'ቆዩ፣ አሁን ይገባል' ይላቸው ነበር። 'ቆዩ፣ አሁን።'»

«ከዚያስ?»

«ሲያልቅ ባትሪዎቹን አውጥቶ ሰጠኝ። 'ለከተማ ይሆንሃል' አለኝ።»

ድሬሰሩ ስለ አባትየው የተናገረው ቢሳሳትለት ይወድ ነበር፤ አልተሳሳተም። አባትየው ክረምቱን አላዩም። ሽማግሌውን ለመጠገን ያልተሞከረ ነገር የለም፤ እንደ ሰዎቹ ሁሉ ዝም እንዳለ ቀረ። ጊታሪስቱ ወደ መንደሩ ወረደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በትኩሳት ታሞ በጀልባ ሲያመጡት ጤና ጣቢያው የተቀበለው ድሬሰሩ ነበር። ያን ቀን መርፌውን ቀስ አድርጌ ወጋሁት ብሎኛል፤ ጊታሪስቱ ግን አልዳነም። ዜማዋን የሚያውቅ እጅ ከዚያ ወዲያ የለም።

በቀደም ዘፋኙን ወንዙ ዳር፣ ማንጎው ሥር አገኘሁት። የፊት ጥርሶቹ ሄደዋል፤ የእኔም ሆድ ቤዝ ለማንሳት ብሞክር ክሩ ላይ ለመድረስ ትራንስፖርት የሚያስፈልገኝ ሆኗል። ስንሳሳቅ ቆይተን፣ «እስቲ ያቺን በላት» አልኩት።

«ጀምርልኝ» አለ።

በአፌ ጀመርኩለት። ዱም፣ ዱም ዱም። ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ። የሚገባበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈ። ዞሬ መለስኩለት። እንደገና አለፈ። ዓሣ የያዙ ሴቶች ቆመው አዩን፣ ሁለት እብዶች ብለው መሰለኝ፣ ሄዱ።

«ግጥሙ አለ» አለኝ ዓይኑን ሳይከፍት። «ግን ጊታሩ ሳይጠራኝ እንዴት ልግባ?»

እኔ አላቆምኩም። ዱም፣ ዱም ዱም እያልኩ ስዞር ቆየሁ። የት ላይ እንደማቆም የሚነግረኝም ያው ጊታር ነበር።