መሪው ላይ የተገጠመ እሳት

ዓይናዲስ ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ይቀጥናል። ደባርቅ ላይ ከቤቴ ፊት ለፊት የምትኖር አዋላጅ ነርስ ናት። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳይክሏን አስነሥታ ጭጋግ ውስጥ ስትሟሟ በመስኮቴ አያታለሁ። ዐምና በጥር ግን ስትመለስ ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የዚያን ዕለት ማለዳ ከከተማው በላይ ካለ መንደር ተጠርታ ነበር። አመዳዩ ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም። ስትደርስ ጣቶቿ ፍሬን መጨበጥ እንኳ አቅቷቸው ነበር። ጥሩነሽ የምትባል ወጣት ምጥ ላይ ነበረች። አማቷ እማማ አባይነሽ በሩ ላይ ቆመው የዓይናዲስን እጆች ዳሰሱና ወደ ምድጃው ገፏት።

"በዚህ እጅ ልትነኪያት? ብርድ ልታስገቢባት ነው? መጀመሪያ ሙቂ!"

በዚያ አገር ከውጭ የመጣ ሰው በቀዝቃዛ እጁ ወላድ አይነካም። ለመነች፣ ተቆጣች፣ የሰማት የለም። እሳት ዳር ተቀምጣ ጣቶቿን እያፋተገች ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ ልጁ መጣ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አላለቀሰም።

"ታውቃለህ የሚያናድደኝ?" አለችኝ። "ግማሽ እውነታቸውን ነው። ያን ሰዓት ጣቴ እትብት ከገመድ አይለይም ነበር። እና በማን ልቆጣ? በውርጩ?"

በውርጩም ተቆጣች። ጓንት ገዛች፤ በጭጋጉ እየራሰ ይባስ አቀዘቀዛት። ወንዶቹ እንደሚያደርጉት መሪው ላይ የበግ ለምድ ሰፋች፤ ፍሬኑን ከለከላት። በኅዳር ጥሩነሽ ዳግም መውለጃዋ እንደደረሰ ስትሰማ ጎንደር ወርዳ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የመሪ እጀታ ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ አያ በላቸው ጋራዥ አብሬያት ሄድኩ።

ደጃፉ ላይ ባጃጁን የሚያሳጥበው አወቀ ገና ሲያያት ጀመረ። "ሲስተር፣ ቀጥሎ ደግሞ ፍራሽ ይገጠምልሽ!"

"አንተን ምጥ ሲይዝህ በቀዝቃዛው እጄ ነው የማይህ" አለችው። ጋራዡ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

አያ በላቸው የድሮውን የእጀታ ጎማ በምላጭ ሰንጥቀው ገፈፉት። በአዲሶቹ እጀታዎች ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦውን ከባትሪው አገናኙና ማብሪያውን አበሩት፤ ከአንድ እስከ አምስት ይላል፣ እንደ ብርዱ ይመረጣል። ሦስት ላይ አድርጌ ጨበጥኩት። ዶሮ አሁን የጣለችውን እንቁላል የያዝኩ መሰለኝ። ሽቦ እንዲህ ይራራል ብሎ ማን ያስባል!

ዓይናዲስ ግን መገረሚያ ጊዜ አልነበራትም። ሞተሩን አስነሥታ ነዳጅ መስጫውን፣ ቀኙን እጀታ፣ ጠምዝዛ ለቀቀችው። ሞተሩ ጩኸቱን አልቀነሰም።

"አያ በላቸው፣ ምነው አይመለስም?"

"አዲስ ስለሆነ ነው። እየነዳሽው ይላላል።"

ድምፅዋ ቀጠነ። "ቁልቁለቱ ላይ ነው የሚላላው? ገደሉ አፍ ላይ?"

አጎንብሼ አየሁ። ሽቦው ከእጀታው ሥር ጀምሮ ከመሪው ብረት ጋር በካላማዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። እኛ አገር ሞተር ላይ ሁሉ ነገር የሚታሰረው በዚያ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ መስታወቱም፣ ጄሪካኑም፣ ለገበያ የሚሄደው በግም። ላልቶ የተንጠለጠለ ሽቦ ለመካኒክ ነውር ነው።

"ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ!" አሉ አያ በላቸው። "ያልታሰረ ሽቦ ይበጠሳል።"

"ይኼኛው እጀታ እኮ ይዞራል! የሚዞር ነገር ታስሮ እንዴት ይመለስ? ወላድ ጋ ልታደርሱኝ ነው ወይስ ልትገድሉኝ?"

ምላጩን ከእጃቸው ወስዳ ላስቲኩን በጠሰችው። ሽቦውን እጀታው እንደልቡ እንዲዞር አላልታ ከመሪው መሐል አካባቢ ብቻ አሰረችው። ጠመዘዘች፤ ለቀቀች። ሞተሩ ወዲያው ረገበ። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ድምፁ አልተለወጠም።

"ባትሪው ጋ ያሰርኩትንስ? እሱንም ቁረጪው እንጂ!" አሉ አያ በላቸው ፊታቸውን አዙረው።

"የባትሪው ሸጋ ነው" አለች፣ ያለ ፈገግታ።

በታኅሣሥ፣ ሣሩ በነጋ በጠባ ነጭ በሚሆንበት ሰሞን፣ ማለዳ ተጠራች። የሆነውን ስትመለስ ነገረችኝ። እማማ አባይነሽ እንደ ዐምናው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰላምታ ሳይቀድም ሁለቱን እጆቿን ዘረጋችላቸው። አሮጊቷ ያዟቸው፣ ገለበጧቸው፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጓቸው።

"የማንን እሳት ሞቀሽ መጣሽ?"

"የራሴን። አሁን ከበሩ ይነሱልኝ!"

የዘንድሮውም ልጅ እትብት ተጠምጥሞበት ነበር። ጣቷ እትብቱን አገኘው፣ በሕፃኑ ራስ ላይም አሾልኮ አወጣው። ፀሐይ አመዳዩን ሳታቀልጠው ቤቱ በልቅሶ ተሞላ፤ በሕፃን ልቅሶ።

እማማ አባይነሽ እጆቿን እየሳሙ መረቋት። ከዚያ "ይህች እጅ ዐምና የት ነበረች?" አሉ።

ዓይናዲስ ወጥታ ሞተሯን አስነሣች፤ ሙቀቱን አምስት ላይ አደረገችና መዳፏ እስኪለበለብ ጨብጣው ቁልቁል ነዳች።