የእትዬ አስካለ ኮባዎች

ባለፈው ጥቅምት ለለቅሶ ሆሳዕና ሄጄ፣ ከድንኳኑ ጫጫታ ሸሽቼ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የባጃጁ ጩኸት ከኋላዬ ቀረ። ጫፉ ላይ ስደርስ የቀረኝ ድምፅ አንድ ብቻ ነበር፤ ነፋስ የእንሰት ቅጠል ሲያማታ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ነፋስ ሲይዘው በገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ አንሶላ ይላጋል፤ ዝም ያለ ሲመስል ደግሞ ይጀምራል። ልቀመጥ ፈልጌ አልቀመጥ አለኝ። እትዬ አስካለም እዚህ ቦታ ላይ አልቀመጥ ይላቸው ነበር።

በንጉሡ ዘመን ያ ኮረብታ «የዳኛው አትክልት» ይባል ነበር። ዳኛው ከሸዋ ተሹመው የመጡ ሰው ናቸው፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ሞተው አትክልቱን የያዙት ሚስታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። ጽጌረዳ፣ ኮክ፣ በዘይት ጣሳ የተተከሉ አበቦች፣ መሐሉ ላይ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ አግዳሚ ወንበር። እሑድ እሑድ የመንግሥት ሠራተኞች ሚስቶቻቸውን ይዘው ይወጡና ከተማውን ቁልቁል ያያሉ፤ ገበያውን፣ አዲሱን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከአንጋጫና ከሆመቾ አህያ እየነዳ የሚገባውን ሰው። እንግዳው ሁሉ ሲቀመጥ የቤቱ ባለቤት አይቀመጡም። ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉት የቁልፍ ዘለላ እየተንቃጨለ ከአጥር እስከ አጥር ይመላለሳሉ። አንዲት የደረቀች ቅጠል ይቀነጥሳሉ፤ ቀና ብለው የአዲስ አበባውን መንገድ ያያሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። «እዚህ አገር መጣሁ እንጂ አልደረስኩም» ይሉ ነበር፤ ለማን እንደሚሉት እንጃ።

በአትክልቱ ጠርዝ ላይ ባላቸው የተከሏቸው እንሰቶች ተሰልፈው ቆመዋል። እትዬ «ኮባዎቼ» ይሏቸዋል። በእሳቸው አገር ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል እንጂ ግንዱ አይበላም፤ ስለዚህ ለጌጥና ለነፋስ መከለያ አቆሟቸው፤ አንዱም ተቆርጦ አያውቅም። በእኛ ዘንድ እንሰት ዓመታት ተኮትኩቶ፣ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል፤ ቤተሰብ ይበላበታል። አብቦ የተተወ እንሰት ግን ውስጡ ያልቃል። የገበያ ሴቶች ሽቅብ እያዩ፣ «እንሰቱ ያበበበት ቤት ሰው የለውም» ይባባሉና ይሳሳቁ ነበር።

እኔ ወደዚያ የምወጣው ደረቅ ቅጠሉን ልለቅም ነው፤ እናቴ ለገበያ የምታወጣውን ቆጮ የምትጠቀልልበት። አባቴ ሞቷል፤ ቤታችን እናቴና እኔ ነን። ቅጠል እየለቀምኩ በግንዶቹ መሐል አሾልቄ ታች ያለውን ትምህርት ቤት አያለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው ታች ታች የምታዪው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ሰልፉን ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሄደሽ አትሰለፊም?»

«እናቴ ብቻዋን ናት። ዲሬክተሩም ‹ቁመቷ ከዚህ ካለፈ ከሕፃናት ጋር አላስቀምጣትም፤ ዘንድሮ ካልመጣች ትቅር› ብለዋል።»

የቁልፉ ድምፅ ዝም አለ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝ። «ሰውዬው ቁመት ነው እንዴ የሚያስተምረው?» አሉ።

በማግስቱ ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው ቤታችን ወረዱ። ቀኑን አልመረጡም፤ እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። ፍቂያ ላይ ወንድ አይደርስም። የደረሰች ሴት ደግሞ ቆማ አታይም፤ ቁጭ ብላ ትፍቃለች። እትዬ ይህን አላወቁም። ነጭ ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰብስበው ቆሙ፤ ሴቶቹ ተያዩ። እናቴ አማርኛ አይሆንላትም፣ እትዬ ሀዲይኛ አያውቁም፤ በገዛ ጉዳዬ አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ።

«ልጅሽን ትምህርት ቤት ስደጃት፣ በያት።»

አልኳት። እናቴ መፋቂያዋን ሳታቆም መለሰች። እኔ ያኔም ቢሆን ከሰማሁት ቃል መጨመርም መቀነስም አልወድም።

«‹ባልሽ አባቴ ከብት ያሰማራበት ኮረብታ ላይ አበባ ተከለ። አንቺ ደግሞ እጄን ልትወስጂ መጣሽ?› ትላለች፣ እትዬ።»

«እጇን?»

«እጇ እኔ ነኝ።»

አማርኛ የምትሰማ ጎረቤታችን ሳቋ አመለጣት። «ኧረ ትንሽ አለስልሺው፣ አንቺ ልጅ!»

የእትዬ ፊት ቀላ። «ሠራተኛ እፈልግላታለሁ፣ በያት።»

«‹ያን ሁሉ እንሰት ቆሞ እንዲያልቅ የምታደርግ ሴት ለእኔ ሠራተኛ ልትመርጥ?› ትላለች።»

ከዚያ እናቴ መፋቂያዋን አስቀመጠች። ሽቅብ አይታ ቀስ ብላ ተናገረች፤ እኔም ቀስ ብዬ ተረጎምኩ። «‹አበባው ብቅ ብሏል፤ ጊዜው አሁን ነው። እነዚያ ቢፋቁ ጉድጓዴ ይሞላል፤ እስከ መጪው ክረምት ጠዋት ጠዋት የልጄ እጅ አያስፈልገኝም። የምትሰጪኝ ነገር ካለ እነሱን ስጪኝ› ትላለች።»

«ባለቤቴ በእጃቸው የተከሏቸው ናቸው» አሉ እትዬ፣ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ። ይህንንም ተረጎምኩ። እናቴ መፋቂያዋን መልሳ አነሳች። ጥቁሩ ጥላ ከጓሯችን ወጥቶ ሄደ።

ያን ሰሞን ሥራ በእጄ አልረጋ አለ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ የቀዳሁትን ውኃ ረስቼ ደግሜ ልቀዳ እሄዳለሁ። «ጉንዳን ላይ ቆመሻል እንዴ?» ትላለች እናቴ። ሽቅብ ሳይ ቅጠሎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ አበባው ግን ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ቁልቁል ይንዘላዘላል።

ዓርብ ጠዋት ከኮረብታው የመጥረቢያ ድምፅ መጣ።

እናቴ አዳመጠች። መፋቂያዋን አንስታ፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ አጥር ከታጠረበት ጀምሮ ረግጣው የማታውቀውን ኮረብታ ወጣች። እትዬ አስካለ አሮጌ ቀሚስ ለብሰው በር ላይ ጠበቁን። ያን ቀን የሚነግራቸው አላስፈለገም፤ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ አሉ። መፋቂያውን ገልብጠው ያዙትና ቃጫውን በጣጠሱት። ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴ ተነስታ የእትዬን እግር በሁለት እጇ ይዛ እንሰቱ በእግር ተይዞ በሚፋቅበት ሳንቃ ላይ አስቀመጠችላቸው። «እንዲህ» አለች፣ በአማርኛ። እትዬ አስካለን ተቀምጠው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቁልፋቸው ቀኑን ሙሉ አልተንቃጨለም።

ሰኞ ተሰለፍኩ፤ ራሴ ከሕፃናቱ ሁሉ በላይ ብቅ ብሎ። ሽቅብ ሳይ የኮረብታው ጠርዝ ባዶ ነው፤ በባዶው ላይ አንድ ነጭ ነጠላ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰልፉ እስኪበተን ተመላለሰ። የሚከለክለው ያጣ ነፋስ በዚያው ዓመት ጽጌረዳውን ሰባበረ፣ የኮኩን አበባ አረገፈ። እትዬ ሲያማርሩ አልሰማሁም። «ዛሬስ ምን አስተማሯችሁ?» ይሉኛል፤ መልሴን ሳልጨርስ ይሄዳሉ።

እናቴ ከተቆረጡት እንሰቶች የአንዷን ለጋ ሥር ሳታስፍቅ አስቀርታ ጓሯችን ቀብራው ነበር። ከእሱ ችግኝ አፈላች፤ ችግኙ ሲጠነክር ጠርዙ ላይ መልሳ ተከለችው። ጉድጓዱን የቆፈሩት እትዬ ናቸው። እኔ ፊደል ጨርሼ ንባብ ከገባሁ በኋላ፣ አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ አገራቸው ሄዱ አሉ። ስንብት አላደረጉም።

አሁን ጽጌረዳም ኮክም የለም። የድንጋዩ ወንበር ግማሹ ፈርሷል፤ ጠርዙ የማላውቀው ሰው ጓሮ ሆኗል። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያማታ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ እንሰቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሽማግሌ አለ፣ ለጋ አለ፣ በቅርብ የተቆረጠ ጉቶ አለ።

አንዱም አላበበም።