የልደታው ፓምፕና የአክስቴ ግድግዳ

ንጋት፣ ወሊሶ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። አክስቴ ወይዘሮ ወይንሸት ትናንት ከአዲስ አበባ፣ ከልደታ ሰፈር ደውለው «የቤቴ በር አልዘጋ አለኝ። ነገ የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው፤ መጥተሽ አግዢኝ» አሉኝ። እየሳቁ ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቤታቸው ጀርባ ሕንፃ ሊያቆሙ የመጡ ሠራተኞች መሬቱን በፓምፕ መምጠጥ ከጀመሩ ሰንብተዋል።

አውቶቡሱ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያና የታሰሩ ዶሮዎች አሉ። ቱሉ ቦሎ ላይ ዝናብ ያዘን። ጋሪዎቹ ጭቃ ውስጥ ሰምጠዋል። መስኮቱን ይዤ አክስቴን አስባለሁ።

ረፋድ፣ አየር ጤና

ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ልደታ የት ነሽ?» አለኝ።

«መሬቱን በፓምፕ የሚመጥጡት ጋ» አልኩ።

«በስትሮ የሚጠጡት ጋ በይኛ!»

ረዳቱ ከኋላ «እህቴ፣ አንቺንም እንዳይመጥጡሽ!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ እጄ ግን ቦርሳዬን አንቆ ይዟል።

ቀትር፣ ልደታ

ፍርድ ቤቱን አልፌ ወደ ጌጃ ሰፈር ስታጠፍ የፓምፑ ንዝረት እግሬ ሥር ተሰማኝ። በሰማያዊው የቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ አየሁ። ሰፊ ጥቁር ላስቲክ መሬቱ ላይ ተጣብቋል። ከቧንቧው ድፍርስ ውሃ ይወርዳል።

አክስቴ በር ላይ ሳሙኝ። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል።

«ከሥር ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሕንፃ አይሸከምም አሉ» አሉኝ። «ላስቲክ አልብሰው አየሩንም ውሃውንም ሲስቡት አፈሩ ይጠነክራል።»

«የእርስዎንስ ቤት አይስብም?»

«ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር። የሕንፃው ፎርማን ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ለምልክት ለጠፈ። ስንጥቁ ከሰፋ ጂፕሰሙ ይሰበራል፣ ያኔ ይንገሩኝ አለ።»

«ጂፕሰሙ የታል?»

«ቀረፍኩት! ነገ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳዬ እንደ ቁስለኛ ፋሻ ጠምጥሞ ይታይ? ጭቃ መረግሁበት።»

«ፎርማኑስ?»

«ሊያይ ሲመጣ ደህና ነው ብዬ ከበር መለስኩት። በየጠዋቱ አልጋዬ ድረስ እየገባ!»

ከአልጋው ራስጌ እርጥቡን ምርጊት በጣቴ ነካሁት። እጄ እስከ መዳፌ ገባ። ጭቃው ሲረግፍ በቀዳዳው ሰማያዊው አጥር ታየኝ።

ወደ ግንባታው ሮጥኩ። ዘበኛው «ማንን ነው?» ሲለኝ አልፌው ገባሁ። «ፎርማኑ የታል?» ብዬ የአንድ ሰው እጅጌ ያዝኩ። ራሱ ፎርማኑ ነበር።

«የወይዘሮ ወይንሸት ግድግዳ…»

«ምልክቱ ደህና ነው ብለውኛል እኮ።»

«ምልክቱ የለም። ቀርፈውታል። እጄ ይገባል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ፓምፑን አጥፉ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፦ «አፈሩ ወዲያው አይረጋም። እማማን ቶሎ አስወጫቸው!»

ፓምፑ ዝም አለ። ወደ አክስቴ ቤት ሮጬ ተመለስኩ።

አክስቴ ግን «ንፍሮዬ እሳት ላይ ነው፣ የትም አልሄድም» አሉ። ጣሪያው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሁለት እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። «ምን ነካሽ፣ ልትጥይኝ ነው?» እያሉ ተከተሉኝ። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዘይነባ በር ስንደርስ የአክስቴ ቤት የጀርባ ግድግዳ ወደ አጥሩ ተደረመሰ። ጣሪያው አልጋው ላይ ወደቀ።

አክስቴ አቧራው እስኪረግብ እጄን አልለቀቁኝም።

ማምሻ

ወይዘሮ ዘይነባ አንድ ክፍል ለቀቁልን፤ ፍራሽም በግድግዳው ጥግ አነጠፉልን። አክስቴ ጎንበስ ብለው ፍራሹን ስበው መሃል ቤት አደረጉት።

«ወይኑዬ፣ ይሄ ግድግዳ እኮ ብሎኬት ነው» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«ይሁን፣ ዘይኑዬ» አሉ አክስቴ። «እዚሁ ይሻለኛል።»

እኔም አጠገባቸው ጋደም አልኩ።