ከደጀ ሰላሙ ሥር የተተከለ ወፍጮ

ወፍጮውን ከመግዛቴ በፊት ወንድሜን በስልክ አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቄዋለሁ። ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ወፍጮው ካዋጣ አገሬ ስማዳ ገብቼ ከእናቴ ጋር ልኖር፣ ካላዋጣ እዚያው ልቀር ነው ነገሩ። ስለዚህ ተጠነቀቅሁ። ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ጽፌ መልሱን ከሥር ከሥሩ ሞላሁ። በደብራችን ስንት አባወራ አለ? ሌላ ወፍጮ የት ይገኛል? ናፍጣ ከየት ይመጣል? ክረምት መንገዱ ሲቆረጥስ? ሞተሩ ቢበላሽ ማን ይፈታዋል?

«እታለም፣ ባል ስታገቢ ይህን ያህል ብትጠይቂ ኖሮ ዓረብ አገር ባልሄድሽ» አለኝ ወንድሜ። እውነቱን ነው።

ግን ለሁሉም መልስ አመጣ። የቅርቡ ወፍጮ ወገዳ ነው፤ ሁለት አሉ፤ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። የእኛ ሰው በደጁ ወፍጮ ካገኘ ማን ያን ያህል ይሄዳል? ቦታውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። በረከት እንዳይለየው ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሥር አስተከልሁት።

ለምርቃቱ ከማዳሜ ፈቃድ ጠይቄ አገር ቤት መጣሁ። የንስሐ አባቴ ጠበል ረጩ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ሚካኤል ሆነና ዘጋን። ዓርብ ከፈትን። ቅዳሜና እሑድ ዘጋን። ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ዋለች፤ ዘጋን። ሐሙስ ደግሞ ገብርኤል።

በተከፈተባቸው ቀናት ሰው አልመጣም። እርሻ ነበር፤ ወንዱ ሞፈር ላይ፣ ሴቷ ጉልጓሎ ላይ፣ አህያው ዘር ጭኖ። የገበሬ እጅ የሚፈታው በበዓል ነው። በበዓል ከቅዳሴ መልስ ሕዝቡ ሁሉ ዛፉ ሥር ተቀምጦ የተቆለፈውን ወፍጮዬን ያየዋል።

ለገብርኤል ጠዋት ጎረቤታችን በታችኛው መንገድ አህያ ጭና ስትሄድ አገኘኋት።

«አንቺ! በበዓል?»

«ዝም በይ፣ ወገዳ ነው የማስፈጨው። እዚያ ከተማ ነው፤ የእኛ ታቦት አያየኝም።»

«እኔ ዘንድ ብታመጪውስ?»

«አንቺማ አፍንጫው ሥር ተክለሽው!» ብላ ሳቀች። አህያዋን ቸብ አድርጋ ሄደች።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ ይህን ሳታውቂው ቀርተሽ ነው?»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ታዲያ ምነው አልቆጠርሽው?»

«በዓል ይቆጠራል እንዴ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም። «አንቺ ብቻ እሺ በይ፤ በበዓል በጓሮ በር ቀስ ብዬ አስፈጫለሁ።»

«ሞተሩንስ ቀስ በል ትለዋለህ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ አስነሣዋለሁ።»

«አይሆንም» አልሁት። ወፍጮውን ወደ ወገዳ እናዛውረው አለ። እዚያ ሁለት እንዳሉ ራሱ ነበር የነገረኝ፤ ደብተሩ ላይ አለ።

ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ቤይሩት ተመለስሁ። እናቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። እሷ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስሁም። መስኮቱ አልዘጋ ብሎኝ እሱን ስታገል መኪናው ተነሣ። ወፍጮውን በኋላ የእስቴ ነጋዴ ነቅሎ ወሰደው።

አሁን እዚህ ቤይሩት ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ልጆች አገር ቤት ሱቅ ልንከፍት ነው፣ ከብት ልናደልብ ነው እያሉ ያማክሩኛል። ደብተሬን አሳያቸዋለሁ። ከአሥራ አንዱ ሥር የጻፍሁትን አሥራ ሁለተኛውን ያነባሉ፤ «በወር ስንት ቀን ይሠራል?» ይላል። ይሄ ምኑ ይጠየቃል ብለው ይስቃሉ። እኔ የቀን መቁጠሪያ አውጥቼ ቁጠሩ እላቸዋለሁ። የሚያውቁትን ነገር ቁጠሩ ሲባሉ ይሰለቻሉ።

ዛሬ ሚካኤል ነው። ጠዋት በልቤ ተሳልሜያለሁ። ማዳሜ እንግዳ አለባት፤ የተቀቀለውን ሽምብራ ፍጪ ብላኛለች። የኤሌክትሪክ መፍጫውን ሰክቼ እየፈጨሁ ነው።