ከአያ ማሳ የመጣው ዋንዛ

ጎንደር ላይ ቤት ስንሠራ ግድግዳውና ጣሪያው አልቆ የቀረን የውስጡ እንጨት ነበር፤ በሮቹና ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ እኔ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ስለ እንጨት ሁለታችንም እምብዛም አናውቅም። ቺፑድ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚያብጥ ግን በተከራየንበት ቤት አይተናል። ስለዚህ ጠንካራ እንጨት ይሁን ተባባልን።

አናጢያችን ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚሠራ፣ እጁ የተመሰገነ ሰው ነው። የዝግባ ሳንቃ አወጣና አሳየን። መልኩ ያምራል፣ አንድ ጉጥ እንኳ የለበትም። ከየት እንደመጣ ስጠይቀው ነጋዴ እንዳመጣለት ነገረኝ። ነጋዴውስ ከየት አመጣው ብለው፣ ያን ጠይቆ እንደማያውቅ ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። ባለቤቴ እሺ በይና እንገላገል በሚል ዓይን ያየኛል። ክረምቱ ደርሶ ነበር።

እሺ ማለት አቃተኝ። ያደግሁት ደምቢያ፣ ከቆላ ድባ ገበያ በእግር በሚደረስ መንደር ነው። ከመንደራችን ጀርባ ያለው ጉብታ በልጅነቴ ጫካ ነበር፤ ፀሐይ የማይገባበት ቦታ ነበረው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በቀር ዛፍ የለም። ማን ጨረሰው ቢባል ስሙ የሚጠራ ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስዷል። ያም ሳንቃ የሌላ መንደር ጉብታ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ቤት ስንገባ ተከራከርን። ባለቤቴ ዛፉ አንዴ ተቆርጧል፣ እኛ ባንገዛው ተመልሶ አይቆምም አለ።  እኔ ደግሞ ከየት እንደመጣ በማላውቀው በር ዕድሜዬን ሙሉ መግባትና መውጣት እንደማልፈልግ ነገርኩት። 

"እንግዲያው የምታውቂውን አምጪ" አለኝ። ተቆጥቶ ይሁን ተስማምቶ አልገባኝም።

የማውቀው ዛፍ ያለው አጎቴ ማሳ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አያ ነው የምንላቸው። በሚቀጥለው እሑድ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ለመናገር አፍሬ ነበር። የገበሬ ዋንዛ ጥላው ነው፣ የክፉ ቀን መያዣው ነው። አያ ጨርሰው ሰሙኝና ዱላቸውን ይዘው ወደ ማሳው ወጡ። እኛም ተከተልናቸው።

እኔ ቀጥ ብሎ ካደገው ዛፍ ሥር ቆምኩ። "አያ፣ ይህ ቢሆንስ?"

"ይህስ አይሆንም። ከብቱ የሚያርፈው ከዚህ ሥር ነው" አሉና አለፉት።

ወሰድ አድርገው ያሳዩን ከማሳው ጠርዝ፣ ቦይ ዳር ያለውን ነው። ግዙፍ ነው፤ ግን አፈሩ ተንዶበት ሥሩ ወጥቷል፣ ወደ ቦዩም አዘንብሏል። "ይህን ዘንድሮ ጎርፍ ይወስደዋል" አሉ። "ጎርፍ ከሚወስደው ልጄ ትውሰደው።"

ዋንዛ በገዛ ማሳ የበቀለ ቢሆንም ያለፈቃድ አይነካም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየው፤ አፈሩን እንዲይዝ ጉቶው እንዳይነቀል፣ በምትኩም ችግኝ እንዲተከል አሳስቦ ፈቀደልን።

የተቆረጠ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጠጋ ብለን ስናይ የግንዱ ታችኛው ክፍል ውስጡ ባዶ ነው፤ ምስጥ ጨርሶታል። እንባዬ መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ ዛፍ በእኔ አጉል ምርጫ በከንቱ የጣልኩት መሰለኝ። አያ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ዳሰሱ፤ ቀጥለው ወደ ላይኛው ግንድ ሄደው በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አደረጉት።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ከዚህ በላይ ያለው ሸጋ ነው። ባዶውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ለከብቱ ገንዳ ይወጣዋል።"

የዳነው ግንድ ጎንደር መጥቶ ለሳንቃ ተሰነጠቀ። ሳንቃው እርጥብ ስለነበር አናጢው አየር እንዲያገኝ በየመካከሉ ጉማጅ እንጨት እያስገባ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ደረደረውና እስኪደርቅ እንድንታገሥ ነገረን። ክረምቱን የውስጥ በሮች በሌሉት አዲሱ ቤት ኖርን። በየክፍሉ መጋረጃ ሰቀልን። እንግዳ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት የገባ ሰው ሳያቋርጥ ማሳል ነበረበት፤ ባለቤቴ ማንጎራጎር ይመርጥ ነበርና ድምፁ ለካ ያን ያህል መጥፎ አይደለም። ስንስቅ ከረምን።

መስከረም ካለፈ በኋላ በሮቹ ተሠሩ። ሲላጉ ከውስጥ ወርቅማ ቡናማ መልክ ወጣ። ለደረጃው ግን እንጨቱ አልበቃም። አናጢው ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ግራቪሊያ ማግኘቱን ነገረኝ፤ እኔ አፌን ሳልከፍትም የማን እንደሆነ ተረከልኝ። አንድ ገበሬ ለሽያጭ ብሎ በድንበሩ ላይ የተከለው ነው፤ ሄዶ አይቶታል፣ በተቆረጠው ቦታ ሌላ ተተክሏል። ከዋንዛው ጋር ሲታይ ይነጣል፣ ግን አላስጠላንም። አናጢው፣ አሁን በሮችሽን ያየ ደንበኛ ሁሉ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቀኛል ብሎ አማረረ፤ ሲያማርር ግን ደስ ያለው ይመስል ነበር።

በቀጣዩ የእርሻ ወቅት አያን ልጠይቅ ሄድኩ። በዋንዛው ምትክ ከተከልናቸው ችግኞች ጥቂቶቹን ፍየል በልቷቸዋል፣ የቀሩት ይዘዋል። አያ ያርሳሉ። ከማሳው መሃል ሲደርሱ በሬዎቹን ገታ አድርገው በአንዲት ጉልበት በማትደርስ ዋንዛ ዙሪያ አዞሯቸው። ማን እንደተከላት ጠየቅኋቸው።

"ወፍ ነው የዘራት" አሉኝ። "የእኔ ሥራ በሬ ማዞር ነው።"

ከዚያ ጅራፋቸውን አነሡና ትልማቸውን ቀጠሉ።