ለክትባት የታዘልኩ ቀን

የሐኪሙ ቢሮ ፎቅ ላይ መሆኑን ያወቅነው በሩ ላይ ከደረስን በኋላ ነው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከታች ላውንደሪ ያለበት አሮጌ ሕንፃ ነበር። የመስታወቱን በር ከፍተን ስንገባ ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ ፊታችን ተገተረ። ሊፍት የለም። የእህቴ ባል ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ኮቱን አወለቀ።

በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ግራ እግሬ ሰልሏል። የብረት ድጋፍ አስሬ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ያኔ አሜሪካ ከመጣሁ ገና ጥቂት ዓመቴ ነበር፤ ከታላቅ እህቴና ከባሏ ጋር ሌክ ሜሪት አጠገብ እኖር ነበር፤ ሥራዬ ሚልፒታስ ያለ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መመርመር ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ለግሪን ካርድ ያመለከተ ሰው የሕክምና ምርመራ ማድረግ፣ ክትባትም መውሰድ ነበረበት። ምርመራውን የሚያደርጉት ኢሚግሬሽን የፈቀደላቸው ሐኪሞች ብቻ ናቸው። ይህኛውን የመረጠችው እህቴ ናት፤ ለቤታችን ቅርብ ነው ብላ። ቀጠሮ ስትይዝ ስለ ደረጃ አልጠየቀችም። እኔም ጠይቂልኝ አላልኳት። ስለ እግሬ ለማያውቁኝ ሰዎች አስቀድሞ መንገር እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር።

የእህቴን ባል ጋሼ ነው የምለው። ሮጦ ወጥቶ ጠየቀ። እንግዳ ተቀባይዋ ከደረጃው አናት ላይ ብቅ ብላ ቁልቁል አየችኝና ሐኪሙ ወደ ታች እንደማይወርድ ነገረችው። ቀጥላም፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ትከብዳለች?" አለችው።

ጋሼ ወርዶ ጀርባውን ሰጠኝና ጎንበስ አለ።

"ነይ። ወንድምሽ አይደለሁ?"

"ጋሼ፣ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ብንፈልግስ?"

"እዚህ ድረስ መጥተን? እኔም እኮ ከሥራ አስፈቅጄ ነው። ነይ በይ።"

ታዘልኩ። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ቀሚሴ ከብረቱ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ልጎትተው አንድ እጄን ብለቅ ሁለታችንም እንወድቃለን። ከላይ የሚወርድ አንድ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈንና ጋሼን "ጎድ ብሌስ ዩ" አለው። ጋሼ እያለከለከ አመሰገነው። እኔ ፊቴን ትከሻው ላይ ደፍቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ክራንቾቼ ታች ስለቀሩ ላይ ከደረስን በኋላም ከወንበር ወደ ወንበር የምሄደው በጋሼ እጅ ተንጠልጥዬ ነው።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከገባን ጀምሮ የሚያወራው ከጋሼ ጋር ነው። ምን ሆና ነው? ስንት ዓመቷ ነው? የሚያማት ነገር አለ? የጋሼ እንግሊዝኛ ከእኔ ያነሰ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እጽፍ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ እሱን ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ሐኪሙ ደግሞ የእኔን መልስ ሰምቶ ለማረጋገጥ እንደገና እሱን ያያል።

ከዚያ "ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች?" ብሎ ጠየቀው።

ከክትባቶቹ አንዱ ለእርጉዝ እንደማይሰጥ በኋላ ገባኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ጋሼ ግን ጥያቄውን አልያዘውም። እኔም አፍሬ ወዲያው አልመለስኩም። ዝምታው ሲረዝም ጋሼ ትብብር ያሳየ መስሎት ራሱን ነቀነቀና "የስ፣ የስ" አለ። ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ።

"የስ?"

"ኖ፣" አልኩ። "አይደለሁም።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለው ጋሼን።

"ምን አለኝ?" አለ ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ።

ለእህቴ ባል ያንን መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩለት። ጋሼ ወለሉን አየ፣ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ሐኪሙ ምንም እንዳልተፈጠረ አንዱን መርፌ ቀኝ ክንዴ ላይ፣ ሌላውን ግራ ክንዴ ላይ ወጋኝ። በክንዴ እንደምሄድ አልነገርኩትም። እሱም ብረቱን እያየ አልጠየቀኝም። በተቻለ ፍጥነት ከዚያ ክፍል መውጣት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

በማግስቱ ሁለቱም ክንዶቼ አብጠው ጠዋት ክራንቼን ስጫነው ጮህኩ። ጤነኛ ሰው ክንዱ ቢያመው ቦርሳውን በሌላው እጁ ይይዛል። እኔ ግን ከአልጋዬ መነሳት አልቻልኩም። እህቴ ሽንት ቤት ይዛኝ ሄደች፣ ልብሴን አወረደችልኝ፣ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ብቻዬን ለማድረግ ስንት ለፍቼ ነበር። ለሱፐርቫይዘሬ ደውዬ ፍሉ ይዞኛል አልኩት። ከክትባት የተነሳ ቀረሁ ማለት አሳፈረኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የእኛ ጉባኤ ትንሽ ናት፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። በምስክርነት ሰዓት ጋሼ ተነሳና ማይክሮፎኑን ያዘ። እኔን በጀርባው ተሸክሞ ያንን ደረጃ ሲወጣ ጌታ እንዴት ጉልበት እንደሰጠው ተናገረ። ደረጃው ላይ ያገኘው ፈረንጅ እንዴት እንደባረከው ተናገረ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከልቡ ነው። ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ መጋቢው ወደ ፊት እንድመጣ ጠራኝና እሱና አገልጋዮቹ እጃቸውን እግሬ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ክንዶቼ ገና ስላልዳኑ ክራንቹ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ጸሎቱ የነካኝ መሰላቸው።

የክትባቱ ሁለተኛ ዙር ከአንድ ወር በኋላ ነበር። ቀኑ ሲቀርብ አንድ ጊዜ ሥራ በዝቷል፣ አንድ ጊዜ ራሴን አሞኛል እያልኩ አሳለፍኩት። በመጨረሻ እህቴ ተቆጣች።

"ጋሼሽ እኮ ሊወስድሽ ዝግጁ ነው። ወረቀትሽ እንዲበላሽ ነው የምትፈልጊው?"

"አልታዘልም፣ እትዬ።"

"ምን አደረገሽ?"

"ምንም አላደረገኝም።"

"ታዲያ ወገን ካልተሸከመ ማን ሊሸከምሽ ነው?"

እነሱ ባይኖሩ አሜሪካ ውስጥ የት እወድቅ ነበር? የሚበሉትን ያበሉኛል። መሸከም የማይሰለቸውን ሰው አትሸከመኝ ማለት ምስጋና ቢስነት መሰለኝ፤ በዚህም ደግሞ አፈርኩ።

ፋብሪካው ውስጥ አጠገቤ የሚሠሩ አንዲት ኤርትራዊት ነበሩ፤ በአማርኛ ነው የምናወራው። አደይ እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው እናቴ ማለት ነው። ጠዋትና ማታ በመኪናቸው የሚያመላልሱኝም እሳቸው ናቸው። ባላቸው ዊልቸር ላይ መሆናቸውን ነግረውኝ ያውቃሉ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩን ሁሉ አወጣሁላቸው፤ የእርግዝናውን ጥያቄ ጭምር። አልሳቁም፣ አይዞሽም አላሉኝም።

"ክትባቱ እዚያው መሆን አለበት ያለሽ ማነው?" አሉኝ። "ሐኪሙ የሚፈልገው መከተብሽን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ሳን ሆዜ የእኔ ሽማግሌ የሚከተብበት ክሊኒክ አለ። ነገ በብሬክ ሰዓት ኮል አድርጊላቸው። መጀመሪያ ስለ በሩ ጠይቂ፣ ከዚያ ስለ ሌላው።"

"እርስዎ ቢደውሉልኝስ?"

"እግሩ የማነው?" አሉኝ።

የፋብሪካው የሕዝብ ስልክ ምግብ ክፍሉ በር ላይ ነበር፤ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ምን ልርዳሽ አለችኝ። ደረጃ አላችሁ ወይ አልኳት። የለንም፣ ግን ለምን ጠየቅሽ አለችኝ፣ ሌላም የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ እንድናዘጋጅ። ያኔ በእንግሊዝኛ አካል ጉዳተኛ ነኝ አልኳት። በአማርኛ እንኳ ብዬው አላውቅም። እግሬን ያመኛል ነበር የምለው፣ ሕመሙ ነገ የሚለቀኝ ይመስል። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሰምተውኛል። ሰውነቴ በላብ ተነከረ፤ ስልኩን ሰቅዬ ስዞር አንዷ ሳንድዊቿን እየበላች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

የቀጠሮው ቀን ከሺፍት በኋላ አደይ ወሰዱኝ። በሩ ከመንገዱ እኩል ነው፤ ክራንቼን እያነሳሁ በራሴ ገባሁ። ነርሷ ጠና ያለች ሴት ናት። ከፍ ያለው የምርመራ አልጋ ይሻልዎታል ወይስ መደገፊያ ያለው ወንበር ብላ ጠየቀችኝ። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ የለውም፤ እኔ ግን የሰማሁት እርስዎ ነው። ወንበሩን አልኩ። ቀጥላ "የትኛው ክንድዎ ላይ ነው ይበልጥ የሚደገፉት?" አለችኝ።

ዞር ብዬ አደይን አየሁ። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅ የሚመልስልኝን ሰው መፈለግ ለምዶብኝ ነበር።

"እኔን ምን ታዪኛለሽ?" አሉኝ በአማርኛ። "አንቺን ነው የጠየቀችው።"

"በሁለቱም፣" አልኩ፣ "በቀኙ ይበልጣል።"

ሁለቱንም ግራው ላይ አራርቃ ልትወጋኝ እንደምትችል፣ ወይም አንዱን ዛሬ ሌላውን ሌላ ቀን ልትሰጠኝ እንደምትችል ነገረችኝና ምርጫዬን ጠበቀች። ሁለቱም ግራው ላይ ይሁን አልኩ። ስለ እርግዝናም ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ብቻችንን መሆን እፈልግ እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር፤ አደይ ውጭ ቆይተው ተመለሱ። እጅጌዬን ከመንካቷ በፊት ልትነካው እንደሆነ ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ "የፖሊዮውስ?" አልኳት። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው እንደማይጠየቅ ነገረችኝ። እግሬን አየች፣ ከዚያ ዓይኔን አየች፣ "አዝናለሁ" አለችኝ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። እኔ ግን ጥያቄውም መልሱም የሌላ ሰው ነው ብዬ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ። አደይ ሬድዮውን ከፍተው እስከ ኦክላንድ ድረስ አላናገሩኝም፤ ለዚህም አመሰገንኳቸው።

እህቴ ስትሰማ ከፋት። "በባዳ?" አለች። ቅዳሜ እህቴ ገበያ ገብታ እኔና ጋሼ መኪና ውስጥ ስንጠብቃት መሪውን እንደያዘ ተናገረ።

"ከብደሽኝ አልነበረም እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለእኔ ነው የከበደኝ።"

"በጉባኤውም ፊት?" አለ።

"እሱ ይብስ ነበር።"

"ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩ።"

ጋሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የአንገቱ ሥር ተገትሮ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ አፍሮ እኔ አየሁት። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። እህቴ ዕቃ ተሸክማ ስትመጣ ወርዶ ተቀበላት።

ሐኪሙ ከምርመራው ጋር የክትባቱን ወረቀት አይቶ ፈረመ፤ ወረቀቱን ፎቁ ላይ ያደረሰው ጋሼ ነው፣ ልውሰድልሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ። ከዚያ በኋላ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ቆም ማለት ጀመረ። አንዳንዴ ይረሳል። አንዳንዴ እኔም እረሳለሁና ደረጃ ሳይ ሌላ መግቢያ እንዳለ ከመጠየቄ በፊት ጀርባውን እፈልጋለሁ።